ከመጋረጃ የተሰፋው ካባ

በእኛ በእንግሊዟ ከተማ በፋቨርሻም ዊን ታፕሴልን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ትምህርት ቤት ምሳ በልቶ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ለትምህርት ቤት ልጆች ምግብ ስታበስል ኖራለች። የከተማችን የባንክ ሠራተኛም፣ ቧንቧ ሠሪውም፣ ሌባውም ሳይቀር ጥቅል ጎመን መብላት የተማሩት ከእሷ እጅ ነው። ዛሬም በገበያው አደባባይ ስታልፍ ራሰ በራ የሆኑ ጎልማሶች ሲጋራቸውን ከጀርባቸው ይደብቃሉ። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ሴት ናት።

እኔ አሌክ ሆግበን እባላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ኖሬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። እኔ ዊንን የማውቃት በጎመን አይደለም፤ በረቡዕ ነው።

ረቡዕ የእኛ ቀን ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሆፕ ፖል የሚባለው መጠጥ ቤት ጓሮ ባለችው ክፍል ተሰብስበን ፕሮግሬሲቭ ሮክ እንሰማለን። እኛ ባጭሩ ፕሮግ እንለዋለን፤ አጭር ነገር ያለው ስሙ ብቻ ነው። ሦስት ደቂቃ የማይበቃው ሮክ ነው። አንዱ ዜማ የሸክላውን አንድ ፊት ሙሉ ይይዛል። ምቱ በየመንገዱ ይለዋወጣል፣ ኦርጋኑ ከጊታሩ ጋር ይከራከራል፣ መሀል ላይ ዋሽንት ሳይጠራ ይገባል፤ ዘፋኙ አፉን እስኪከፍት ሰው አንድ ቢራ ጠጥቶ ይጨርሳል። በወጣትነታችን አገሩ ሁሉ በዚህ ሙዚቃ አብዶ ነበር። ከዚያ ዳነ። ያልዳንነው እኛ ነን።

ማኅበሩን ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ያቋቋመው የዊን ባል ሮይ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና አውቶቡስ ነጂ ነበር። ሕጎቹንም ያወጣው እሱ ነው። የተጀመረ ሸክላ አይቋረጥም። ሙዚቃው እየሄደ ወሬ የለም። ስልክ ሁሉ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። አባላቱ ሰባት ወንዶችና ዊን ነን። ዊን በየሳምንቱ በወተትና በጥቁር ስኳር የሚሠራ ታርት የሚባል ኬክ ይዛ ትመጣለች። ታርቱ በጣም ከመጣፈጡ የተነሳ፣ ሙዚቃውን የሚጠሉ የአባላት ሚስቶች ሳይቀሩ ባሎቻቸውን «ቁራጭ ሳትይዝ እንዳትመጣ» ብለው ይልካሉ።

በየዓመቱ ጥር ላይ ደግሞ ድምፅ እንሰጣለን። ጥያቄው አንድ ነው፤ ፕሮግ ሞቷል ወይስ አልሞተም? ባለፈው ዓመት አራት ለሦስት ሞቷል ተባለ። ከዚያ ቁጭ ብለን ሬሳውን ስንሰማ አመሸን። ዊን ግን ድምፅ ሰጥታ አታውቅም። «እኔ ለቀብር አልመርጥም» ትላለች።

አሁን ወደ ካባው ልግባ።

ብራስ አልማናክ የሚባል የአካባቢያችን ቡድን ነበር። የእነሱ ሸክላ አንደኛው ፊት ሃያ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ዜማ ነው፤ እኛ «ሃያ ሁለቱ» እንለዋለን። አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ መሣሪያው ሁሉ ድንገት ዝም ይላል። ስድስት ሙሉ ሰከንድ። ከዚያ ኦርጋኑ ጣራ እንደሚያነሳ ሆኖ ይመለሳል። አዲስ ሰው ግን አለቀ ብሎ ያጨበጭባል፤ ሁሉም ያጨበጭባል። እኛም አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የምናሰማው ሌላ ሳይሆን ሃያ ሁለቱን ነው። ያጨበጨበ ሰው ቃጭል ይደወልበታል፣ አረንጓዴ ከፋይ ላይ የብር ኮከቦች የተለጠፉበት ካባ ይደረብለታል፣ ምሽቱ እስኪያልቅም አያወልቅም። በዚያ ዘመን ኦርጋን ተጫዋቾች መድረክ ላይ ካባ ይለብሱ ስለነበር ነው። ካባውን ዊን ከሳሎኗ መጋረጃ ሰፍታዋለች። ቃጭሉን የምደውለው እኔ ነበርኩ። ልንገራችሁ፣ በሳምንት ውስጥ እንደዚያ ደስ የሚለኝ ነገር አልነበረም።

ሮይ ካረፈ ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ በየካቲት፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ኬሪ-አን ትሪዋን ታቅፋ ገባችና በራችን ላይ ቆመች።

«እናንተ ሽማግሌዎች፣ ስሙኝማ» አለች። «ስምንት ናችሁ። አንድ ብርጭቆ ቢራ ይዛችሁ ሦስት ሰዓት ትቀመጣላችሁ። ግድግዳ ላይ ትንሽ ቀስት የሚወረውሩት የዳርት ተጫዋቾች ረቡዕን ስጪን ብለው አንገቴ ላይ ቆመዋል፤ እነሱ ደግሞ ይጠጣሉ።»

«እኛም እንጠጣለን!» አለ ባርኒ ሬይት። ባርኒ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ሲሆን ከሮይ በኋላ ሊቀመንበራችን ሆኗል።

«አንተማ ሻይ ነው የምትጠጣው፣ ባርኒ። እንግዲህ የመጋቢት የመጨረሻው ረቡዕ ላይ እመጣለሁ። አሥራ ሁለት ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ካየሁ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ክፍሉ የእናንተ ነው። አሥራ አንድ ከሆነ የዳርት ነው።»

ሁላችንም ጮክ ብለን መከራከር ጀመርን። ዊን ግን ቢላዋዋን ታርቱ አጠገብ አስቀምጣ፣ «ኬሪ-አን፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «ስድስቱን ቀን እኔ ቤት የሚያወራው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። ሰባተኛውን አትውሰጂብኝ።»

ኬሪ-አን ዓይኗን ትሪው ላይ ተከለች። «ዊን፣ በአንቺ አይደለም እኮ። አሥራ ሁለት አምጪልኝ፣ በቃ።»

እሷ እንደወጣች ምክር ያዝን። አዲስ ሰው ማምጣት ብቻ ሳይሆን ማስቀረትም ነበረብን። ባርኒ መፍትሔው በእጁ እንዳለ ተናገረ። «ለጀማሪዎች የሚሆን መግቢያ» የሚል አርባ ገጽ ጽፎ ነበር፤ ካርታ ሳይቀር አለው። እኔ በበኩሌ ይሄ ሙዚቃ ለሁሉም አይደለም፣ የማይችለው ይውጣ የሚል ሰው ነኝ። ስምንት ሆነን ስናልቅ ማን ይቀራል የሚለውን አስቤበት አላውቅም።

ዊን ሁለታችንንም አየችን። «ሠላሳ አንድ ዓመት ልጅ ጎመን ሳበላ አንድ ነገር ተምሬያለሁ» አለች። «ሲበላ አትየው። ሰሃኑን አስቀምጠህለት ዞር በል። ቆመህ ካፈጠጥክበት ማር ብትሰጠውም ይተፋዋል። እናንተ ደግሞ ሰው ሙዚቃ ሲሰማ ፊቱ ላይ ታፈጣላችሁ። ወደደ፣ አልወደደ፣ ቅንድቡን አነሳ… እኔ ራሴ እንኳ ያስጨንቀኛል!»

ጆሮ ዳባ ልበስ አልናት።

በመጋቢት መጀመሪያ ዊን አራት ሰው ይዛ መጣች። አንዷ ታምሲን ናት፤ የመንደራችን ደብዳቤ አዳይ፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ በክረምትም ቁምጣ የምትለብስ ሳቂታ ልጅ። ሦስቱ የሥራ ጓደኞቿ ናቸው። ከእኛ ጋር ልክ አሥራ ሁለት። ኬሪ-አን በበሩ ብቅ ብላ አይታ አውራ ጣቷን አነሳችልን። እኔም ነገሩ አለቀ አልኩ።

ባርኒ ቆሞ ሃያ አምስት ደቂቃ ተናገረ። አንዱ ፖስተኛ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ከዚያ ሃያ ሁለቱን አስቀመጥኩ፤ ሰባታችንም ወንበራችንን ወደ እንግዶቹ አዙረን አፈጠጥን። ታምሲን መጀመሪያ ዓይናፋር ሆነች። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ግን ረሳችን፤ ዓይኗን ጨፍና በጉልበቷ ምቱን ትከተል ጀመር፣ ያውም ሰባት እየቆጠረ የሚሄደውን አስቸጋሪ ምት። አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ደረሰ። ዝምታው ወረደ። ታምሲን ብድግ ብላ አጨበጨበች።

ቃጭሉን ደወልኩ። እንዴት አድርጌ እንደደወልኩ! ባርኒ ካባውን ደረበባት፣ ሌሎቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ፣ የገዛ ጓደኞቿም ሳቁባት። እሷም ሳቀች፤ ፊቷ ግን ቲማቲም መስሎ ነበር። የቀሩትን አምስት ደቂቃዎች፣ የዜማውን ምርጥ ክፍል፣ ወለሉን እያየች ጨረሰች።

በሚቀጥለው ረቡዕ ማንም አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለውም እንደዚያው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ዊን ደወለችልኝ። «የሸክላ ማጫወቻዬ መርፌ እየጫረ ነው፣ መሣሪያህን ይዘህ ና።» ሄድኩ። መርፌው ምንም አልሆነም። ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ካባው በገበሩ ተገልብጦ ተዘርግቷል፤ አጠገቡ ትልቅ መቀስ ተቀምጧል።

«ልትቆርጪው ነው?» አልኳት።

«አልወሰንኩም። በል መጀመሪያ ይሄን አንብብ።»

ገበሩ ላይ ባርኒ ካባውን የለበሱትን ሰዎች ስም ባለፉት ዓመታት ሁሉ በጥቁር ቀለም ሲጽፍ ኖሯል። አርባ አንድ ስም ነው። የመጨረሻው ታምሲን ነው።

«ከአርባ አንዱ ስንቱ ተመለሰ?» አለችኝ።

አሰብኩ። «ሁለት።»

«ሁለት» አለች። ሻይ ቀዳችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «አሁን ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልንገርህ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የአክስቴ ልጅ ካንተርበሪ ከተማ ወዳለ የተማሪዎች አዳራሽ ይዛኝ ሄደች። ብራስ አልማናክ ሃያ ሁለቱን ሸክላ ሳያስቀርጹት በፊት ይጫወቱ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ፀጉሬ ቆመ። ከዚያ ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ተነስቼ ቆሜ አጨበጨብኩ።»

«አንቺ?»

«እኔ! ብቻዬን! ስድስት መቶ ሰው ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። እጄን እንኳ ማውረድ አቃተኝ። በዚህ መሀል ከፊቴ ሁለት ረድፍ አለፍ ብሎ አንድ ረጅም ልጅ ተነሳ። ዞሮም አላየኝም። እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ፣ ነገሩ ልክ እንደዚያ መሆን የነበረበት ይመስል፣ ያጨበጭብ ጀመር። ከዚያ ሌላው ተከተለው። ከዚያ ኦርጋኑ ገባ።»

ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«በኋላ ስንተዋወቅ፣ ‹ሮይ፣ አንተም ያለቀ መስሎህ ነው?› አልኩት። ‹አይ፣ ከዚያ በፊት ሲጫወቱት ሰምቼዋለሁ፤ ገና አምስት ደቂቃ እንደሚቀረው አውቅ ነበር› አለኝ።»

ዊን ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። እኔ ሻዩን ማማሰል ያዝኩ፤ ስኳር እንኳ አልጨመርኩበትም።

«ካባውን ስፊልኝ ያለኝም እሱ ነው» አለች። «ለሚያጨበጭብ ሰው ሽልማት እንዲሆን። ሙዚቃው ከወንበሩ ላስነሳው ሰው። ቃጭሉን ያመጣኸው አንተ ነህ፣ አሌክ።»

እውነት ነው፤ ማኅበሩ በተቋቋመ በሁለተኛው ወር ከአንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሽልማቱ መሳለቂያ የሆነው ያን ቀን ነው። ሮይ ለምን እንዳልተቆጣኝ ጠየቅኳት። «‹ተያቸው፣ እየተጫወቱ ነው› ይለኝ ነበር። አንተን ብቻ ግን አልወቅስም። እኔም አብሬያችሁ ስስቅ ኖሬያለሁ። እኔ፣ ያኔ ያጨበጨብኩት! አሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።»

መቀሱን አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልታየኝም።

ቀጥሎ የሆነውን ታምሲን ናት የነገረችኝ። ዊን በማግስቱ በሯ ላይ ቆማ ደብዳቤ ስትጠብቅ አገኘቻት።

«እማማ ዊን፣ ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም» አለቻት ታምሲን። «ሙዚቃውም ደስ ብሎኝ ነበር። እኔ እኮ ከልቤ ነው ያጨበጨብኩት። ሰው ከልቡ ያደረገው ነገር ሲሳቅበት ግን… ደግሞ መጋረጃ ለብሼ ቢራ መጠጣት አይመቸኝም።»

«በመጪው ረቡዕ መጋረጃውን የምለብሰው እኔ ነኝ» አለቻት ዊን። «ንግግር የለም። አንድ ሽማግሌ ቀና ብሎ ቢያይሽ ታርት አይቀምስም።»

«የምርዎን ነው?»

«እስከ ሰኔ።»

የመጋቢት የመጨረሻው ረቡዕ ደረሰ። ዊን ካባዋን ደርባ በገበያው መሀል እየተራመደች መጣች፤ ኮከቦቹ በመንገድ መብራት ያብለጨልጫሉ። ክፍሉ ውስጥ ስንገባ የእኛን የሰባታችንን ወንበሮች ወደ ጓሮው መስኮት አዙራቸው አገኘናቸው። ከመስኮቱ ማዶ የሚታየው የባዶ በርሜል ክምር ነው።

«ዊን! ድምፅ ማጉያው በዚያ በኩል ነው!» አለ ባርኒ።

«ጆሮህ በሁለቱም በኩል አለ፣ ተቀመጥ።»

«መግቢያዬንስ? ወደ አሥራ ስድስት ገጽ አሳጥሬዋለሁ እኮ።»

«ለበርሜሎቹ አንብብላቸው።»

ባርኒ ኩም ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ቃጭሉስ?» አለኝ በሹክሹክታ። «ጠፋ» አልኩት። ጋራዤ ውስጥ፣ ከማይሠሩ ሬዲዮኖች በታች ነው የጠፋው።

ታምሲን ሁለት ሰው ይዛ መጣች። ያ እንቅልፋሙ ፖስተኛና እናቷ። ሰባት፣ ዊን፣ ሦስት። ጣቴን ሦስት ጊዜ አጥፌ ቆጠርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ አሥራ አንድ ሆነ። ሸክላውን አስቀምጬ ፊቴን ወደ በርሜሎቹ አዞርኩ። ከኋላዬ በሩ ሲከፈት ሰማሁ፤ ኬሪ-አን በዝግታ ቆጠረች፣ «አሥራ አንድ» ስትልም ድምፅዋ ራሱ ያዘነ ይመስል ነበር። ሆኖም የሮይ ሕግ ለሁሉም ነው፤ የተጀመረ ሸክላ አይቋረጥም። በሩ አጠገብ ወንበር ሲሳብ ተሰማኝ። እስኪያልቅ ልትጠብቅ ነው።

ያን ዜማ ስንት መቶ ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። የሰው ፊት ሳልጠብቅ የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። ዋሽንቱ ሲገባ ሮይን አየሁት፤ የአውቶቡስ መሪ እንደያዘ ሰው ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ። የመጨረሻው ረቡዕ ነው፣ ያለቀልን እኛ ነን አልኩ በልቤ።

አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ መጣ። ሁሉም ዝም አለ።

ከኋላዬ ማንም አልተነቃነቀም። እነታምሲን አሁን ያውቃሉ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ይሄን ያህል ዓመት ሰውን ልናስተምር የደከምንበት ነገር ይሄው ነበር፤ ሲገኝ ግን አስጠላኝ። ፈርተው ነው ዝም ያሉት።

ከዚያ የሁለት እጅ ጭብጨባ ተሰማ፤ ብቻውን። የማን እንደሆነ ዞሬ ማየት አላስፈለገኝም፤ የከፋዩ መንሿሿት አብሮ ይሰማ ነበር። ዊን ቆማለች።

እኔም ተነሳሁ። ገና አምስት ደቂቃ እንደሚቀረው አውቃለሁ፤ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ፊቴን ወደ በርሜሎቹ እንዳደረግኩ እጄን ከራሴ በላይ አንስቼ አጨበጨብኩ። ታምሲን «ዬ!» ብላ ጮኸች፣ እናቷ ተከተለች፣ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነሱ። ባርኒ እንኳ በአሥራ ስድስት ገጹ ጉልበቱን እየመታ ተነሳ። ጩኸታችን ከመብዛቱ የተነሳ ኦርጋኑ መቼ እንደገባ አልሰማንም።

ሸክላው አልቆ መርፌው ሲነሳ ዞርን። ኬሪ-አን ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትሪውን በመዳፏ ትደበድባለች።

«በይ እንደገና ቁጠሪ» አለቻት ዊን።

«ቆጠርኩ እኮ፣ አሥራ አንድ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ የቤቱ ባለቤት ነኝ!»

«‹ማንም ይሁን ማን› ያልሽው አንቺ ነሽ። ወንበር ላይ ተቀምጠሻል፣ አጨብጭበሻል፣ ይኸው ፊትሽም በርቷል። አሥራ ሁለት።»

ኬሪ-አን ወደ እኛ አየች፣ ወደ ትሪው አየች፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «እሺ፣ ለዳርቶቹ ማክሰኞን እሰጣቸዋለሁ። አንተ ግን ባርኒ፣ ከሻይ ሌላ ነገር ትጠጣለህ!»

ታምሲን እጇን እንደ ተማሪ አወጣች። «ይቅርታ… የመጨረሻውን አልሰማሁትም እኮ። ያን ቀንም አልሰማሁት። ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ልትደግሙት ትችላላችሁ?»

በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ አዲስ ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆን አያውቅም። ባርኒ መነጽሩን አውልቆ መወልወል ጀመረ።

እኔ ወደ ሸክላ ማጫወቻው ልሄድ ስል ዊን መንገዴ ላይ ቆመች። ካባዋን አወለቀች፣ በእግሯ ጣት ቆማ ትከሻዬ ላይ ደረበችልኝ፤ አንገቴ ላይ ቁልፉን ቆለፈች። የሮይ ሳሎን ሽታ ነበረው።

«ያጨበጨበ ይለብሳል» አለችኝ። «ሕጉ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ካባዬን ሰብሰብ አድርጌ ሄድኩና መርፌውን ወደ መጀመሪያው መለስኩት።